ዐቃቤ ሕጉ የቆጠራቸው ቃላት፦ ስድብ በልብ ወለድ ውስጥ መቼ ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1960 ለንደን ውስጥ፣ ኦልድ ቤይሊ በሚባለው የወንጀል ችሎት፣ አንድ ዐቃቤ ሕግ ለፍርድ በተሰየሙ አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች ፊት ቆሞ የቆጠራ ውጤት አሰማ። ሰውዬው ሜርቪን ግሪፊዝ-ጆንስ ይባላል። የቆጠረው በዲ. ኤች. ሎረንስ «ሌዲ ቻተርሊስ ላቨር» ልብ ወለድ ውስጥ ያሉትን ጸያፍ ቃላት ነው። አንደኛዋ ከ30 ጊዜ ያላነሰ፣ ሁለተኛዋ 14 ጊዜ፣ ሦስተኛዋ 13 ጊዜ፣ እያለ እስከ መጨረሻዋ ወረደ። ቃላቱን አላድበሰበሳቸውም፤ በየስማቸው ጠራቸው። ምን ያድርግ? ክሱ እንዲገባ ከተፈለገ መጥራት ነበረበት። እናም መጽሐፉ ሕዝብ እጅ እንዳይገባ የሚከራከረው ሰው፣ የመጽሐፉን ጸያፍ ቃላት ሁሉ ሰብስቦ ባንድ ትንፋሽ ያሰማ ሰው ሆነ።

ለመሐንዲስ ጆሮ ይኼ ቆጠራ ደስ ይላል፤ ቢያንስ ሰውዬው ቁጥር ይዞ ነው የመጣው። ግን የለካው ነገር የተሳሳተ ነው። ስድብ በልብ ወለድ ውስጥ ምን ያህል እንደሚመታ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ «ስንት ጊዜ ተጻፈ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙም አያራምድም። ከማን አፍ ወጣ? ማን ፊት? ከዚያ በፊት ስንት ገጽ ያለ ስድብ አለፈ? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድንና ተውኔትን ሰማንያ ዓመት ያህል እንከታተል፤ ከዚያ ወደ አማርኛችን እንመለሳለን።

ወደ አማርኛ የምንመለሰው ለወግ ያህል አይደለም። አሁን አሁን በልብ ወለድም በፊልም ድርሰትም ላይ ሁለት ጎራ አያለሁ። አንደኛው ጎራ መርካቶ ያደገ ኪስ አውላቂ እንኳ እንደ ዜና አንባቢ እንዲናገር ያደርጋል። ሌላኛው ደግሞ «እውነታው ይኼ ነው» ብሎ በየመስመሩ ስድብ ይደፋል። ውጤታቸው ግን አንድ ነው፤ ገጸ ባሕሪው የምር ሲቆጣ አንባቢው አያምነውም።

ሁለት ነገር ላስታውስ። ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእንግሊዝኛ በጣም የታወቀችውን ጸያፍ ቃል ደግሞ «ባለ አራት ፊደሏ» እያልኩ ነው የምጠራት። ስለ ስድብ የሚያወራ ጽሑፍ ስድቡን ሳይጽፍ ሊጨርስ ነው ወይ ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፤ ወደ ታች ስትወርዱ ምክንያቴ ይገባችኋል።

አንዲት ቃል፣ አንድ ምሽት

ኤፕሪል 11 ቀን 1914 የበርናርድ ሾው «ፒግማልዮን» ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ መድረክ ላይ ታየ፤ ቦታው ለንደን፣ ሂዝ ማጀስቲስ ቴአትር። (በ1913 ቪየና ላይ በጀርመንኛ ታይቶ ነበር።) ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሂጊንስ የሚባል የቋንቋ ድምፅ ሊቅ ኢላይዛ የተባለችውን የመንገድ ዳር አበባ ሻጭ ወስዶ እንደ ባላባት ሴት እንድትናገር ያሠለጥናታል። በሦስተኛው ገቢር ላይ ለሙከራ ያህል ጨዋ ሰዎች ወደተሰበሰቡበት ሳሎን ትገባለች። አነጋገሯ ጠርቷል፣ አቀማመጧ ታርሟል፤ የምታወራው ወሬ ግን የድሮ ሰፈሯ ወሬ ነው። ልትወጣ ስትል አንድ ወጣት በእግርሽ ነው የምትሄጂው ብሎ ይጠይቃታል። እሷም በዚያው እንከን በሌለው አነጋገር «ብለዲ» የምትለውን ቃል ጣል አድርጋ፣ በእግሯ እንደማትሄድ ትነግረዋለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንደቆየ ተጽፏል። እስቲ ሰዓታችሁን አውጡና አንድ ደቂቃ ለኩ፤ መድረክ ላይ ለቆመ ተዋናይ ያ ዘላለም ነው። ኢላይዛን የተጫወተችው ሚስስ ፓትሪክ ካምቤል ሕዝቡ እስኪበርድለት መጠበቅ ነበረባት።

«ብለዲ» ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ አያት ለልጅ ልጇ የምትላት ቃል ናት። ያኔ ግን በጨዋ ሰው ፊት የማትጠራ ነበረች። ከ1737 እስከ 1968 ድረስ በብሪታንያ ማንኛውም አዲስ ተውኔት ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ሎርድ ቻምበርሌይን የሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም ቢሮ ያየው ነበር። ቢሮው ቃሏን አሳለፋት። ከትርኢቱ በኋላ ሰዎች ቃሏን ላለመጥራት በምትኳ የተውኔቱን ስም ራሱን «ፒግማልዮን» እያሉ መሳደብ ጀመሩ። የተውኔት ርዕስ ስድብ ሲሆን አስቡት።

ልብ በሉልኝ፤ ሾው ቃሏን ለጋሪ ነጂ ቢሰጣት ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያይም ነበር። ኢላይዛ ገና አበባ ሻጭ እያለች፣ በመጀመሪያው ገቢር ላይ ብትላትም ሳቁ ሳቅ አይሆንም። የሠራው ነገር ርቀቱ ነው፤ በተናጋሪዋ አንደበትና በቃሏ መካከል፣ በሳሎኑና በቃሏ መካከል ያለው ርቀት። ሙያዬ ስለሚስበኝ እንደ ኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ነው የማየው። ቮልቴጅ የአንድ ነጥብ ጠባይ አይደለም፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ልዩነት ነው። ሽቦው ላይ የተቀመጠችው ወፍ የማትነደው ሁለቱም እግሯ እኩል ቦታ ላይ ስለሆነ ነው።

ቃሏ ግን አረጀች። ተውኔቱ በ1956 «ማይ ፌር ሌዲ» በሚል የሙዚቃ ድራማ ሆኖ ሲመጣ «ብለዲ» 42 ዓመት ሠርታ ደክማለች። አዘጋጆቹ ሁኔታውን ወደ አስኮት የፈረስ እሽቅድምድም ወሰዱት፣ ለኢላይዛም ጠንከር ያለች ሌላ ቃል ሰጧት። ቃል እንደ ብር ነው፤ የ1914ቱ ብር የ1956ቱን ሻይ አይከፍልም።

ሳጅኑ ሳይሳደብ ሲቀር

«ፒግማልዮን» በታየ በአራተኛው ወር አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ሚሊዮኖች ምሽግ ውስጥ ገቡ፤ ምሽግ ውስጥ ደግሞ ባለ አራት ፊደሏ እንደ ጭቃው የትም ነበረች። ጆን ብሮፊ እና ኤሪክ ፓርትሪጅ የሚባሉ ሁለት የቀድሞ ወታደሮች በ1930 የእንግሊዝ ወታደርን ዘፈንና የወታደር ቋንቋ ሰብስበው አሳተሙ። እዚያ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ስለ ስድብ ካነበብኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ሳጅኑ «ጠመንጃችሁን አንሱ» የሚለውን ትእዛዝ ባለ አራት ፊደሏን መሐል ላይ ሰክቶ ከተናገረ፣ ያው የዘወትር ሥራ ነው፤ ወታደሩ እያዛጋ ይነሳል። ቃሏን አውጥቶ ባዶውን «ጠመንጃችሁን አንሱ» ካለ ግን አደጋው ደርሷል ማለት ነው። ወታደሩ ዘሎ ይነሳል።

ስድቡ አይደለም ያስደነገጠው፤ የስድቡ አለመኖር ነው።

ይኼን በቁጥር የሚያስረዳ ሰው በ1948 መጣ። ቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ክሎድ ሻነን በዚያ ዓመት ባሳተመው የግንኙነት የሒሳብ ንድፈ ሐሳብ፣ አንድ ምልክት የሚያመጣው የመረጃ መጠን በብርቅነቱ እንደሚለካ አሳየ። ከ8 ጊዜ አንዴ የሚመጣ ምልክት 3 ቢት መረጃ ይይዛል፤ ከ1,024 ጊዜ አንዴ የሚመጣ ደግሞ 10 ቢት። አሁን ወደ ሳጅናችን እንመለስ። ከ16 ትእዛዝ 15ቱን በስድብ አጅቦ ይሰጣል እንበል (ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የእኔ ነው)። ስድቡ በመጣ ቁጥር ለወታደሩ የሚነግረው 0.1 ቢት እንኳ አይሞላም። ሲቀር ግን 4 ቢት ይነግረዋል፤ ከአርባ እጥፍ በላይ።

ሻነን ራሱ ንድፈ ሐሳቡ የትርጉም ጉዳይ ውስጥ እንደማይገባ ተናግሯል፤ ስለዚህ ልብ ወለድን በቢት እንመዝን እያልኩ አይደለም። ግን ለጸሐፊ የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ አለ። ገጸ ባሕሪያችሁ አፈ ጸያፍ ከሆነ፣ የመጽሐፉ ትልቁ መሣሪያችሁ ስድቡ ሳይሆን ዝምታው ነው። ሁለት መቶ ገጽ ሲሳደብ የኖረ ሰው የእናቱን መሞት ሲሰማ ንግግሩ ድንገት ቢጠራ፣ ማልቀሱን መጻፍ አያስፈልጋችሁም።

ይኼን የምሽግ ቋንቋ እንዳለ ወረቀት ላይ ለማስፈር የሞከረው ፍሬደሪክ ማኒንግ ነው። በ1916 ሶም ላይ ተራ ወታደር ሆኖ ተዋግቷል። ልብ ወለዱ «ዘ ሚድል ፓርትስ ኦቭ ፎርቹን» በ1929 በስም አይታወቄ ደራሲ፣ በጥቂት መቶ ቅጂ ብቻ፣ ለተመዘገቡ ገዢዎች ታተመ። በቀጣዩ ዓመት ጸያፍ ቃላቱ ወጥተውለት «ኸር ፕራይቬትስ ዊ» በሚል ርዕስ ለገበያ ቀረበ፤ በደራሲ ስም ቦታ ላይ «ተራ ወታደር 19022» የሚል የሠራዊት ቁጥር ነበር። ሙሉው ጽሑፍ ለሰፊው አንባቢ የደረሰው በ1977 ነው፤ ደራሲው ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ።

ድርድር

በእነዚያ ዓመታት ደራሲና አሳታሚ የሚከራከሩት እንደ ገበያ ነበር፤ «ይህቺን ተውልኝ፣ ያቺን ላውጣልህ»። በ1929 የሄሚንግዌይ «ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» ሲወጣ አሳታሚው ስክሪብነርስ ከበድ ያሉትን ቃላት በሰረዝ ተካቸው። ሄሚንግዌይ በ1940 ስለ ስፔን የእርስ በርስ ጦርነት «ፎር ሁም ዘ ቤል ቶልስ» ሲጽፍ ግን የተሻለ ዘዴ ይዞ መጣ። የስፔኖች ስድብ አሠራር አለው፤ አንድ የተከበረ ወይም የተወደደ ነገር ይጠራና ቆሻሻ ይደፋበታል፤ እናት፣ ቅዱስ ነገር፣ ወተት ሳይቀር። ሄሚንግዌይ የስድቡን አጥንት እንዳለ አስቀመጠና ቆሻሻዋን ቃል ብቻ አውጥቶ በቦታዋ «ጸያፍ» የሚል ትርጉም ያለውን የእንግሊዝኛ ስም ተከለ። በአማርኛ ብናስበው «የእናትህን ጸያፍ» እንደማለት ነው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ያስቃል፤ ሬዲዮ ላይ «ጢጥ» ብሎ እንደሚያልፈው ድምፅ ይሆናል። ግን ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ምክንያቱም ስድብን ስድብ የሚያደርገው አጥንቱ ነው፤ ክፍተቱን አንባቢው በራሱ አፍ ይሞላዋል። በራሱ አፍ የሞላው ደግሞ ደራሲው ከሚጽፍለት ይብሳል።

ኖርማን ሜይለር በ1948፣ ልክ ሻነን ጽሑፉን ባሳተመበት ዓመት፣ «ዘ ኔክድ ኤንድ ዘ ዴድ»ን ሲያወጣ ባለ አራት ፊደሏን መጻፍ አልተቻለም። ስለዚህ በየቦታው «ፈግ» የምትል ቃል ገባች። ማንም ወታደር እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ መጀመሪያ ላይ ጥርስ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ናት። የሚገርመው ግን ሃያ ገጽ ያህል ካነበባችሁ በኋላ አትታያችሁም። አንዱን ምልክት በየቦታው፣ ሳይዛነፍ፣ በሌላ ምልክት ብትተኩ በሻነን ሒሳብ የጠፋ ነገር የለም፤ አንባቢው ኮዱን ይፈታና ይቀጥላል። በ1964 ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተ አንድ የሮክ ባንድ ስሙን ከዚህችው ቃል ወስዶ «ዘ ፈግስ» ተባለ።

ጄምስ ጆንስ «ፍሮም ሂር ቱ ኢተርኒቲ»ን ይዞ ሲመጣ፣ በ1951፣ ድርድሩ ቁጥር ላይ ሆነ። ረቂቁ ላይ ከ250 በላይ የነበሩትን ወደ 50 ገደማ አወረዱለት። (የወጡት ተመልሰው ገብተውበት በ2011 እንደገና ወጥቷል።) ይኼም የግሪፊዝ-ጆንስ ዓይነት ስሕተት ነው፤ ከየትኛው አፍ፣ ከየትኛው ገጽ ላይ እንደሚወጣ ሳይሆን ድምሩን መቁጠር።

ስለዚህ ሳንሱር ጠቀመ ማለቴ ነው? አይደለም። ማኒንግን ያህል ሰው አርባ ዓመት ያህል አፉን ያሰረ ነገር ጠቀመ አይባልም። የማልክደው ግን ሳንሱር ሳያስበው ለቃላቱ ብርቅነት ይጠብቅላቸው ነበር። ሳንሱሩ ሲነሳ ያ ሥራ ደራሲው ትከሻ ላይ ወደቀ።

«ለሠራተኛችሁ ታስነብባላችሁ?»

ወደ ችሎቱ እንመለስ። ሎረንስ «ሌዲ ቻተርሊስ ላቨር»ን በ1928 ፍሎረንስ ውስጥ በግሉ ነው ያሳተመው። ፊደል ለቃሚዎቹ ጣልያኖች እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር፤ በዚያ ዘመን ለዚያ መጽሐፍ ከዚህ የሚሻል ሠራተኛ አይገኝም። የሎረንስ ሐሳብ ሌሎቹ ከፈለጉት ለየት ይላል። እሱ ቃላቱን እንደ ስድብ ሊጠቀምባቸው አልፈለገም፤ ከስድብነት ሊያወጣቸው፣ የፍቅር ተራ ቃል ሊያደርጋቸው ነው የፈለገው። ቃላቱን የሚናገረው የጫካ ጠባቂው ሜለርስ ነው፤ የባላገሩን አነጋገርና የተማረ ሰውን እንግሊዝኛ እያፈራረቀ፣ ከጌታ ቤት ለመጣች እመቤት።

ፔንግዊን መጽሐፉን ሳይቆርጥ በ3 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ሊሸጥ ተነሳ፤ በ1959 በወጣው አዲስ ሕግ ተከሰሰ። ለመከላከያ ከቀረቡት ምሁራን አንዱ ከሠራተኛ ቤተሰብ የወጣው ሪቻርድ ሆጋርት ነበር። ቃላቱ መጀመሪያ ሲነበቡ እንደሚያስደነግጡ፣ እያነበቡ ሲሄዱ ግን ድንጋጤው እየለቀቀ እንደሚሄድ ለችሎቱ አስረዳ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ አንድ ሰው ለብቻው እያወራ ያችን ቃል ሦስት ጊዜ ሲላት ሰማሁ ብሎም ጨመረ። የመረጃ ንድፈ ሐሳብ በምስክር አፍ ማለት ይኼ ነው።

ግሪፊዝ-ጆንስ ራሱ፣ ሳያስበው ይመስለኛል፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቆ ነበር። ይኼን መጽሐፍ ሚስታችሁ ወይም የቤት ሠራተኛችሁ ብታነበው ትወዳላችሁ? ብሎ ዳኞቹን ጠየቃቸው። ከተሰየሙት አብዛኞቹ የቤት ሠራተኛ ኖሯቸው የሚያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ መሳቂያ ነው። ግን አስተውሉ፤ ችግሩ ቃሉ አልነበረም። ችግሩ ቃሉ ማን ጆሮ እንደሚደርስ ነበር። ውድ እትም ለሀብታም ቤተ መጻሕፍት ሌላ ነገር ነው፤ ሦስት ሺሊንግ ከምናምን አውጥቶ የአውቶቡስ ሹፌር ሲያነበው ግን አገር ይናወጣል። ኖቬምበር 2 ቀን ፔንግዊን ነጻ ወጣ። ኖቬምበር 10 ለገበያ የቀረበው 200,000 ቅጂ በዕለቱ አለቀ።

ሎረንስ ግን ያሰበው አልተሳካለትም ባይ ነኝ። ባለ አራት ፊደሏ ከስድብነት አልወጣችም። አንድ መጽሐፍ ቃልን አያጥብም።

በረዶ ውስጥ የገባ እጅ

ሳይንሱ ምን ይላል? በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ ሌቦርኝ የሚባል በሽተኛ መረመረ። ሰውዬው ንግግር ጠፍቶበት «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር ምንም አይወጣውም። ሲናደድ ግን አንድ ሙሉ ስድብ፣ የእግዚአብሔርን ስም የምትጠራ፣ ከአፉ ትወጣ ነበር። ገጣሚው ሻርል ቦድሌርም በ1866 ቤልጂየም ውስጥ ሽባ ሆኖ አንደበቱ ሲታሰር የቀረችው አጭር ስድብ ነበረች። ከአፍ የሚያመልጥ ስድብ ከተለመደው ንግግር በተለየ መንገድ አንጎል ውስጥ እንደሚኖር ተመራማሪዎች ከእንዲህ ዓይነት በሽተኞች ነው የተረዱት።

በ2009 የኪል ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ስቲቨንስ እና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን በረዶ የመሰለ ውኃ ውስጥ እጃቸውን እንዲነክሩ አደረጉ። እየተሳደቡ የነከሩት፣ ተራ ቃል እየደጋገሙ ከነከሩት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ቻሉት። በ2011 ጥናቱን ሲቀጥሉ ግን ሌላ ነገር አገኙ፤ በየቀኑ ብዙ የሚሳደቡት ሰዎች ከስድቡ የሚያገኙት ጥቅም ያነሰ ነበር። ሳጅኑ ቤተ ሙከራ ገባ በሉት።

ለጸሐፊ የሚጠቅመው ሁለቱን መለየት ነው፤ ከአፍ የሚያመልጥ ስድብ አለ፣ ሰው ላይ የሚወረወር ስድብ አለ። የመጀመሪያው ሰውዬውን ራሱን ይገልጣል፣ ሁለተኛው ዝምድናን ይቀይራል። እዚህ ላይ የተርጓሚዎቻችን ፈተና ይታየኛል። አሜሪካዊው የፊልም ገጸ ባሕሪ ጣቱን በመዶሻ ሲመታ የሚለውን ቃል ቀጥታ ወደ አማርኛ ብታመጡት ማንም አበሻ እንደዚያ አይጮህም። እኛ ስንደነግጥ «በስመ አብ!»፣ «እናቴ ድረሺ!»፣ «እግዚኦ!» ነው የምንለው። የእኛ ማምለጫ ብዙውን ጊዜ ጸሎት ነው።

ነጥብና ሰረዝ

ሁሉም ነገር ከተፈቀደ በኋላ፣ በ1994፣ የግላስጎው ሰው ጄምስ ኬልማን «ሀው ሌይት ኢት ዎዝ፣ ሀው ሌይት» በሚለው ልብ ወለዱ የቡከር ሽልማትን ወሰደ። ከዳኞቹ አንዷ፣ ጁሊያ ኒውበርገር፣ ውሳኔውን በአደባባይ ተቃወመች። ጋዜጦች ባለ አራት ፊደሏን ቆጥረው ወደ 4,000 አደረሷት። አዩ? አሁንም ቆጠራ።

የእኔ ሒሳብ ኬልማንን መጣል ነበረበት፤ 4,000 ጊዜ የመጣች ቃል ምንም አትነግርም። እዚህ ግን ቃሏ ሌላ ሥራ ይዛለች፤ ነጥብና ሰረዝ ሆናለች፣ ትንፋሽ ሆናለች። ዋናው ነገር፣ ተራኪውም እንደ ሳሚ (ፖሊስ ደብድቦት ዓይኑ እንደጠፋው ዋና ገጸ ባሕሪ) ነው የሚናገረው። ለዘመናት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ድሃውን በሰፈሩ ቋንቋ አናግሮ ትረካውን በጨዋ እንግሊዝኛ ይጽፍ ነበር፤ ኬልማን ያንን ርቀት አጠፋው። ርቀቱ የሚመለሰው ሳሚ ቢሮ ሲገባ ነው። ቃሉን የሚቀበለው ፖሊስ አንዷን ጸያፍ ቃል እንዳይደግማት ይነግረዋል፤ ምክንያቱ ደግሞ ኮምፒውተሩ አይቀበላትም። አራት ሺውን ስድብ ስታነቡ የቆያችሁት ለዚህች ትንሽ ጊዜ ይመስለኛል።

አንተ እና እርስዎ

ወደ ቤታችን እንግባ። በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። አዋጁ ስድቦቹን ይዘረዝራል፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውን ቁጢት በጣሽ፣ ነጋዴውን መጫኛ ነካሽ ማለት፣ እያለ ይቀጥላል። ግሪፊዝ-ጆንስ የደረሰበት ችግር ንጉሡም ላይ ደርሷል፤ ስድብን ለመከልከል ስድቡን መጥራት ግድ ነው። ዝርዝሩ ግን ስለ አማርኛ ስድብ ብዙ ይነግረናል። ከከባዶቹ ስድቦቻችን ብዙዎቹ የሰውነት ክፍል አይጠሩም፤ ሙያ፣ ዘር፣ ትውልድ ነው የሚጠሩት። ይኼ ደግሞ ለደራሲ ሌላ ዕዳ ያመጣል። ባለ አራት ፊደሏ የተለየ ባለቤት የላትም። «ጠይብ» ግን መጽሐፉን የሚያነብ የሸክላ ሠሪ ልጅ አለው። እንዲህ ያለውን ቃል ገጸ ባሕሪ አፍ ላይ ስታደርጉት፣ ቃሉ ስለ ተሰዳቢው ሳይሆን ስለ ተሳዳቢው እንዲመሰክር አድርጋችሁ መሥራት አለባችሁ፤ ለቅመም ያህል የሚነሰነስ አይደለም።

የሰውነት ክፍሎቹንና የመኝታ ቤቱን ቃላት በአማርኛ በግልጽ የጻፈው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው። ስለ ውቤ በረሃ የጻፈው «ሌቱም አይነጋልኝ» በ1960ዎቹ ተጽፎ ለአሥርት ዓመታት ሳይታተም ቆየ። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ቃላቱ ድፍረት ነው። እኔን የሚይዘኝ የተራኪው ድምፅ መርጋት ነው። አይጮህም፣ አያሽሟጥጥም፣ የዝናቡን ሁኔታ እንደሚነግራችሁ ሰው ነው የሚያወራው። ሎረንስ በስብከት ያልሆነለትን ስብሐት በእርጋታ የቀረበው ይመስለኛል።

ግን አማርኛ ከዚህ ሁሉ በፊት፣ አንድም ጸያፍ ቃል ሳይነካ፣ በሰዋስው ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ አለው። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»። ወንድን በአንስታይ መጥራት እንደ አነጋገሩ ቁልምጫም ጥቃትም ይሆናል። «እርስዎ» ሲባል የኖረን ሰው «አንተ» ማለት ደግሞ በጥፊ ይቆጠራል።

አንድ ልብ ወለድ አስቡ። ጡረታ የወጡ መምህር ከቀድሞ ተማሪያቸው አባት ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። አባትየው ይሞታል፣ ልጁ ቤቱን ይወርሳል። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ «የኔታ፣ እንደምን አደሩ» ሲል የኖረ ልጅ፣ አንድ ቀን የቤት ደላላ አስከትሎ በሩ ላይ ይቆማል። ደራሲው «ቤቱን ይልቀቁልኝ» ብሎ ቢጽፍ ልጁ ክፉ ነው። «ቤቱን ልቀቅልኝ» ብሎ ቢጽፍ ግን ደላላው ራሱ አንገቱን ይደፋል።

ይኼን ገጽ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሥራ ይጠብቀዋል። እዚያ ለመምህሩም ለደላላውም ያለው «ዩ» ብቻ ነው። ምናልባት ያኔ ባለ አራት ፊደሏን መጥራት ይኖርበት ይሆናል።